ለአባቴ ያስቀመጥኩት ለቅሶ

እናቴ የሞተች ቀን ያላለቀስኩት ሳይከፋኝ ቀርቶ አይደለም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ በተወለድኩበት በጌዶ ተቃራኒውን ምለው የሚያወሩ ሰዎች አሉና። ያላለቀስኩት ስጮህ ሽንቴ ስለሚያመልጠኝ ነው።

በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። አሁን በአንድ ትንፋሽ ጻፍኩት እንጂ ዓመታት ሙሉ ከባሌ ከአሰፋ በቀር ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ሦስተኛውን ልጄን ብዙ አምጬ ከወለድኩ ጀምሮ ስስቅ፣ ሳስነጥስ፣ ባልዲ ሳነሳ፣ ደረጃ ስወርድ ይፈሳል። እኔ ደግሞ አምቦ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ፤ የጠመኔ ብናኝ ያስለኛል፤ ካሳለኝ ያው ነው። ጥቁር ቀሚስ ከላዬ አይወርድም። ከሥሩ ጨርቅ አለ፤ ከጨርቁ ሥር ሌላ ጨርቅ። ተማሪዎቼ «ጥቁሯ ቲቸር» ይሉኛል። ባልደረቦቼ ሐዘን የማይወጣላት ሴት አድርገው ያዝኑልኛል። ከዓመት እስከ ዓመት ጥቁር ለብሳ የምትዞር፣ ለገዛ እናቷ ግን ያላለቀሰች ሴት ማለት እንግዲህ እኔ ነኝ።

እኛ ጋ ከሩቅ የመጣ ልጅ ለቅሶ ቤት የሚገባው ከአጥሩ በር ጀምሮ እየጮኸ ነው። ዝም ብሎ መግባት ነውር ነው። ያን ቀን ከአምቦ በሚኒባስ ጌዶ ደርሼ፣ በሩ ላይ እጄን ወደ ሰማይ አንስቼ «ያ ሃርሜ ኮ!» ብዬ እናቴን ስጣራ፣ ገና በመጀመሪያው ጩኸት ጭኔ ሞቀ። ጨርቁ አልቻለውም። እስከ ጫማዬ ወረደ። ሴቶቹ ሊቀበሉኝ እጃቸውን ዘርግተው እየመጡ ነበር። አፌንም ጭኔንም ገጥሜ ደርቄ ቀረሁ። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ጓሮ ሄጄ ጨርቅ ስለውጥና ስመለስ ዋልኩ። እናቴ ልትቀበር ስትወጣ እንኳ ከንፈሬን ነክሼ ነው የሸኘኋት። የደሙ ጣዕም እስካሁን አፌ ውስጥ አለ።

ለቅሶውን የምትመራው የአባቴ እህት አዳዳ ወርቅቱ ነበረች። እሷ በኦሮምኛም በአማርኛም ታስለቅሳለች፤ አንድ ግጥም ካወጣች ድንጋይ እንኳ ሳያለቅስ አይቀርም። ደግሞ የታወቀ አመል አላት። ለቅሶ ቤት በሄደች ቁጥር የራሷን ጥቁር አጎዛ ጠቅልላ በብብቷ ይዛ ትመጣለች። በር አጠገብ አንጥፋ ትቀመጥበታለች፤ ስትሄድም ጠቅልላ ይዛው ትሄዳለች። የሰው ምንጣፍ ትጸየፋለች ይሏታል። እኔም ኩራት ነው እል ነበር። ያን ቀን ከዚያች አጎዛዋ ላይ ሆና እኔን እያየች እንዲህ አለች፦

«አንዷ ልጇ ታነባለች፣ አንዷ ቆማ ታያለች፤
እንግዳ ናት መሰለኝ፣ ለጉዞ ትቸኩላለች።»

ሴቶቹ ግጥሙን ተቀብለው አለቀሱ። ታናሽ እህቴ ጋዲሴም እያለቀሰች ወደኔ ዞረች። አስተያየቷን አልረሳውም። በአርባው ቀን ጓዳ አግኝታኝ «ለእናታችን እንባሽን ሰሰትሽ» አለችኝ። ልነግራት አሰብኩና ተውኩት። ከዚያ ወዲህ እህቴ ስሄድ ምሳ ታቀርብልኛለች፣ አብራኝ አትበላም።

ዓመታት አለፉ። ባለፈው ፋሲካ ማግስት አባቴን ልጠይቅ ጌዶ ሄድኩ። አባቴ ኦቦ ቀጀላ በጉልበቱ ዘመን ከእንጭኒ ገበያ እስከ ጌዶ ከብት ሲነዳ የኖረ ነጋዴ ነበር፤ አሁን ልቡ ደክሞ ከአልጋው እስከ ደጅ መውጣት እንኳ ያስለከልከዋል። ጋዲሴ እንደ ልማዷ ሳህኑን አስቀምጣልኝ ስትወጣ አባቴ ዓይኑን አጥብቦ አየኝ።

«ጌጤነሽ፣ እናትሽን በዝምታ ሸኘሻት። የኔ ተራ ሲደርስስ ምን አስበሻል?»

«ምን ዓይነት ጨዋታ ነው አባዬ?»

«ጨዋታ አይደለም። ወይፈን በውድ የሸጥኩለት ሰው እንኳ ያለቅስልኛል። የበኩር ልጄ ዝም ካለች ሰው ‹ምን በድሏት ይሆን?› ይላል። እኔ ደግሞ ያኔ መልስ የምሰጥበት አፍ የለኝም።»

እየሳቀ ነው የተናገረው፤ ዓይኑ ግን አልሳቀም። እኔ ምን ልበለው? ሴት ልጅ ለአባቷ ሽንቴ ብላ ታወራለች? «አለቅስልሃለሁ» አልኩት። «ጌዶ እስኪሰማ ነው የማለቅስልህ።»

«እንግዲህ ቀጠሮ ይዘናል» አለኝ።

ስመለስ ጉደር ላይ ሚኒባሱ ለተሳፋሪ ሲቆም አሰፋ ጋ ደወልኩና «ልታከም ነው» አልኩት። ከዚያ በፊት ያልሞከርኩት አልነበረም። ጸበል ጠጥቻለሁ። ውሃ መጠጣት ትቼ ኩላሊቴን አሳምሜያለሁ። ጤና ጣቢያ ያሳዩኝን ጡንቻ የማጥበቅ እንቅስቃሴ ጥርሴን ነክሼ ለወራት ሠርቻለሁ፤ ጥቂት ረድቶኛል፣ ለለቅሶ የሚበቃ ግን አልነበረም።

ዶክተር ሩት አልፎ አልፎ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ የምትመጣ የሴቶች ሐኪም ናት። ውሃ አጠጥታ፣ ፊኛዬ እስኪሞላ አስጠብቃ፣ አቆመችኝና «ጠንከር አድርገሽ ሳዪ» አለችኝ። ሳልኩ። ወለሉ ላይ ተንጠባጠበ። ነርሷ ፊቷን አዞረችልኝ፤ ዶክተሯ ግን ጎንበስ ብላ አየችና «ጥሩ» አለች። ጥሩ! ስንት ዓመት የደበቅኩትን ጉድ ጥሩ ስትለው አናቷን ብመታት ደስ ባለኝ። ኋላ ነው የገባኝ፤ በቀዶ ሕክምና ሊጠገን የሚችል ዓይነት ነው ማለቷ ነበር።

«ልጅ በአንቀልባ አዝለሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«ሦስት።»

«አንቀልባው ሲላላ ልጁ ወደ ታች ይንሸራተታል። የሽንት ቧንቧሽንም ከሥር የሚደግፈው ነገር ላልቷል። እኛ ከሥሩ አንቀልባ እናስገባለታለን። የሚለያየው አንቀልባው ከምን ይሠራ፣ በየትስ ይለፍ የሚለው ነው።»

ከዚያ ጣቷን እያነሳች ነገረችኝ። አንደኛው ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራ ቀጭን መረብ ነው፤ በትንሽ ቀዳዳ ገብቶ ከፊት ካለው አጥንት ጀርባ ሽቅብ ይወጣል። መርፌው በፊኛ አጠገብ ስለሚያልፍ አንዳንዴ ሊወጋው ይችላል፤ ስለዚህ በካሜራ ውስጡን ያያሉ። ሁለተኛው ያው መረብ ሆኖ ወደ ጎን፣ በጭን ሥር በኩል የሚወጣው ነው። ይኼ ከፊኛው ይርቃል፤ አንዳንዷን ሴት ግን ጭኗን ያማታል፣ ከብዙ ዓመት በኋላም እንደ መጀመሪያው ላይጸና ይችላል። በሁለቱም ቶሎ ቤቴ እገባለሁ፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥም ወደ ደህናው ኑሮዬ እመለሳለሁ።

«ሦስተኛው ከራስሽ ሆድ ነው» አለችና እጇን ከእምብርቴ በታች አሳረፈች። «በኦፕሬሽን እንደሚወልዱት ቀደን፣ ጡንቻውን ከሚሸፍነው ጠንካራ ነጭ ሽፋን ቁራጭ እንወስዳለን። አንቀልባውን ከሱ እንሠራዋለን። ሰውነትሽ ውስጥ ባዕድ ነገር አይቀርም፤ ጥሩም ይይዛል። ግን ቁስሉ ትልቅ ነው። መጀመሪያ ላይ ሽንት እምቢ ሊልሽ ይችላል፤ ቱቦ ይዘሽ ትቆያለሽ። እስከ ሦስት ወር ድረስ ደግሞ ከባድ ማንሳት፣ መዝለል፣ ማማጥ፣ መጮህ የለም።»

«መረቡስ ምን ክፋት አለው?»

«አብዛኞቹ ሴቶች ምንም አይሆኑም። በጥቂቶቹ ግን ከጊዜ በኋላ ሥጋውን በልቶ ብቅ ይላል። ያኔ እናወጣዋለን፤ ማውጣቱ ከማስገባቱ ይከብዳል።»

ሥጋውን በልቶ። ከዚህ ወዲያ የተናገረችውን በቅጡ አልሰማሁም። በልጅነቴ አባቴ ከእንጭኒ አንዲት ጊደር ገዝቶ መጥቶ ነበር። በናይለን ገመድ ታስራ ስለኖረች ገመዱ የአንገቷን ሥጋ በልቶ ውስጥ ገብቶ፣ ቆዳው ላዩ ላይ ድኖበት ነበር። አባቴ በምላጭ እየቀደደ ሲያወጣው ጭንቅላቷን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሽታው አልጠፋኝም። «ከብት በጠፍር ነው እንጂ በናይለን አይታሰርም» ይል ነበር አባቴ። «ጠፍር ራሱ ቆዳ ነው፤ ቆዳ ቆዳን አይበላም።»

«የቱን ላድርግ?» አልኳት።

«ምርጫው ያንቺ ነው።»

እኔ ምርጫ አጥቼ አልነበረም የሄድኩት። የኔ ነገር ከአእምሮዬ በላይ ሆኖብኝ፣ የሚወስንልኝ ሰው ፍለጋ ነበር። «ዶክተር፣ አንቺ ብትሆኚስ?» አልኳት።

ጣቷን እንደገና አነሳች። «ቶሎ መነሳት ካለብኝ መረቡን፣ ያውም ከአጥንቱ ጀርባ የሚያልፈውን። ባዕድ ነገር ከፈራሁና መታገሥ ከቻልኩ ደግሞ የራሴን ሥጋ። ለዚህ ነው የምጠይቅሽ፤ በሚመጣው ሦስት ወር ውስጥ ምን አለብሽ? ከባድ ሥራ፣ ጉዞ፣ የምታስታምሚው ሰው፣ የሚያሰጋሽ ሐዘን?»

አባቴ ዓይኔ ላይ መጣ፤ ከነትንፋሹ፣ ከነቀጠሮው። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ሰው በሕይወት እያለ «አባቴ ሊሞትብኝ ይችላል» ይባላል? ይህ ሟርት ነው። ሞትን ስሙን ጠርቶ ቤት ማስገባት ነው። እናቴ ብትኖር አፌን በመዳፏ ትመታኝ ነበር።

«ምንም የለም» አልኳት። «ክረምት ነው፣ ትምህርት ቤት ይዘጋል።»

የራሴን ሥጋ መረጥኩ።

ሰኔ ላይ ተቀደድኩ። ሽንት እንደተባለው እምቢ አለኝ፤ ቱቦ በእግሬ ላይ አስሬ ቤት ተኛሁ። ቱቦው ከወጣ በኋላ አንድ ጠዋት ሳል መጣብኝ። ነርሷ እንዳስተማረችኝ ትራስ ሆዴ ላይ ተጭኜ ሳልኩ። ደረቅ ነበር። ባለማመን እንደገና ሳልኩ። ደረቅ! አሰፋን ጠርቼ ነገርኩት፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። እኔ ለስፌቱ ፈርቼ እጁን ይዤ ጣሪያውን አየሁ። መስከረም ሲጠባ ጥቁሩን ቀሚስ ለሆነ ሰው እሰጠዋለሁ ብዬ አሰብኩ።

ሐምሌ ሳያልቅ፣ አንድ ቀን ማለዳ አሰፋ ከጎረቤት ሽማግሌ ጋር ወደ መኝታ ቤት ገባ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀዋል። ሰው በማለዳ ሽማግሌ ይዞ ሲገባ ምን እንደሆነ ሕፃንም ያውቃል። አልጮህኩም። ትራሱን ሆዴ ላይ ይዤ «አባቴ ነው?» አልኩ።

አሰፋ ዶክተሯ ጋ ደወለና ስልኩን ሰጠኝ። «መሄድ ትችያለሽ» አለች፤ «ተቀምጠሽ በቀስታ ማልቀስም ግድ የለም። መጮህ፣ መዝለል፣ ደረት መምታት ግን እለምንሻለሁ፣ ይቅርብሽ። ስፌቱ ገና አልጸናም። ካላላሽው እንደገና መቅደድ ሊኖርብን ነው።» ቀጥላም «ጌጤነሽ፣ ለምን አልነገርሽኝም?» አለችኝ። ሟርት ፈርቼ ነው ብዬ እንዴት ልመልስላት? በሟርቱም ያለ ሟርቱም አባቴ ሞቷል። መረቡን መርጬ ቢሆን ይህን ጊዜ ከአጥሩ በር ጀምሬ እጮህለት ነበር። ቆዳ ቆዳን አይበላም ብሎ ያስተማረኝ ራሱ ነው፤ የራሱን ለቅሶ ያስቀረው ትምህርት ሆነ።

«አትሂጂ» አለኝ አሰፋ፤ «ታማለች እላለሁ።»

«ምን ታማ ልትል?»

ቦርሳዬን አንስቶ ተከተለኝ። ሚኒባሱ ውስጥ ትራሴን ታቅፌ ተቀመጥኩ። መንገዱ ባንገጫገጨን ቁጥር አሰፋ ክንዱን ሆዴ ላይ ይጋርዳል። እስከ ጌዶ ድረስ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው፦ ወይ አንቀልባውን እበጥሳለሁ፣ ወይ ቀጠሮዬን እበላለሁ። ሌላ መንገድ አልታየኝም።

አጥሩ በር ላይ ስደርስ ድንኳኑ ሞልቷል። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ ጩኸቴን እየጠበቀ ነው። አፌን ከፈትኩ። ሆዴ ሥር ያለው ስፌት ጨምደድ አደረገኝ። አፌን ዘጋሁ። በዝምታ፣ እግሬን እየቆጠብኩ፣ በሰው መካከል አልፌ ሴቶቹ ወዳሉበት ቤት ገባሁ። የአባቴ ሬሳ ሳጥን መሐል ላይ ነው። ጋዲሴ ከአጠገቡ ፀጉሯን በትና፣ ድምፅዋ ጠፍቶ በሹክሹክታ ታለቅሳለች። ቀና ብላ አየችኝ።

«መጣሽ?» አለች በደረቁ። «እንግዲህ ቁሚና እዪው።»

በሩ አጠገብ አዳዳ ወርቅቱ አጎዛዋ ላይ ተቀምጣለች። ወንድሟ ነው የሞተባት፤ ፊቷ አብጧል። አፏን ስትከፍት ግጥሙ ወደኔ እንደሚመጣ አወቅኩ። ያንን ግጥም ሁለተኛ መሸከም አልቻልኩም። ከመጮህም ከዝምታም ሌላ የቀረኝ መናገር ብቻ ነበር።

«ጋዲሴ» አልኩ። ቤቱ ሁሉ ሰማ። «ሽንቴ ነው። ስጮህ ሽንቴ ያመልጠኛል። እናታችን የሞተች ቀን እስከ ጫማዬ ወርዶ ነበር፤ ለዚያ ነው ዝም ያልኩት፤ ጓሮ የተመላለስኩትም ልብስ ልቀይር ነው። አሁን ደግሞ ተቀድጄ ነው የመጣሁት። ለአባታችን ላለቅስለት ብዬ ነበር የተቀደድኩት። ገና አልዳንኩም። ከጮህኩ ይበጠሳል። አባታችን ቀደመኝ!»

ለቅሶው ቀጥ አለ። አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ከግድግዳው በኩል ሌሎች ሁለት ሴቶች አንገታቸውን ደፉ። ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ወንዶች ሳይሰሙ አልቀሩም። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

አዳዳ ወርቅቱ ግድግዳውን ተደግፋ ተነሳች። ጎንበስ ብላ አጎዛዋን አነሳች። ለመሄድ መስሎኝ ነበር። እየጎተተችው መጣችና ከሳጥኑ አጠገብ፣ እግሬ ሥር አነጠፈችው።

«እኔ ከሃቦኔ ምጥ ጀምሮ አለብኝ» አለች፤ ለኔ ብቻ አልነበረም የተናገረችው። ሃቦኔ የመጀመሪያ ልጇ ነው፤ አሁን ጢሙ ሸብቷል፤ ውጭ ድንኳን ውስጥ ሰው እያስተናገደ ነበር። «ሳስለቅስ ቀኑን ሙሉ የምቀመጥበት ለዚህ ነው። በር የምመርጠውም ለዚህ ነው። ለዚያ ግጥም እግዜር ይቅር ይበለኝ። ተኢ፣ ኢንተላ ኮ። ተቀመጪ ልጄ። ቢያመልጥሽም አጎዛው ለምዶታል።»

ተቀመጥኩበት። ጠጉሩ ገና የሷ ሙቀት አለው። ጋዲሴ በጉልበቷ ተንፏቅቃ ከኋላዬ መጣች። ነጠላዬን ገልጣ እጇን በሆዴ ዙሪያ አስገባች።

«የት ጋ ነው የቀደዱሽ?»

እጇን ይዤ አሳየኋት። ሁለቱን መዳፎቿን ስፌቱ ላይ ደራርባ አሳረፈች፣ አገጯን ትከሻዬ ላይ አደረገች። ጉንጯ ርጥብ ነበር።

«ይዤልሻለሁ» አለችኝ። «በቀስታ አልቅሺ።»

አፌን ከፈትኩ። አባቴን ልጠራው ነበር፤ የወጣው ግን እናቴን የጠራሁበት «ያ ሃርሜ ኮ» ነው። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እየተወዛወዝኩ፣ ያን ቀን በር ላይ ካቋረጥኩበት ጀምሬ አለቀስኩ። አዳዳ ወርቅቱ ለእናቴ ግጥም አወጣችላት፤ ሴቶቹ ተቀበሉ። ሳጥኑ የአባቴ ነው ብሎ ያረመን ሰው የለም። አባቴ ተራውን ጠበቀ።